የአባባ ሌንስ የታመመች ሰሞን

ጥቅምት 26

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሊዲያ ናት። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከገዛቻቸው አንዱ ተርፏት፣ "እማዬ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ አባዬን ከምትቀሰቅሽው እዚህ ላይ ጻፊ" አለችኝ። ባሌ ሽፈራው ሰምቶ "እግዜር ይስጥሽ ልጄ" ብሎ መረቃት። እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ለወሬ ግን ስምንተኛ ክፍል ይበቃል።

የዛሬው ወሬ የአባባ ፊልም ነው። አባቴን አባባ ነው የምላቸው፤ መርሳ ሰው ጋሽ ወርቁ ፎቶ አንሺው ይላቸዋል። ለመስቀል የቡርቱካንን ቤተሰብ ያነሱበት ፊልም ታጥቦ ወጣ። ሰው ሁሉ ጉም ውስጥ የቆመ ይመስላል። ቡርቱካን ከፎቶ ቤታችን ቀጥሎ ፍራፍሬ የምትሸጠው ጎረቤታችን ናት። ምስሉን ብታገላብጥ፣ ብታርቅ፣ ብታቀርብ አልለይ አላትና "ጋሽ ወርቁ፣ እኔ የትኛዋ ነኝ?" አለች።

"ወፍራሟ" አሉ አባባ።

ሳቅን። እሳቸው ግን ወደ ምስሉ አላዩም ነበር።

ካሜራቸውን ጡብ ይሏታል፤ እውነትም ጡብ ናት፣ ጥቁር፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ከባድ። አሜሪካን ሠራሽ ናት። ድሮ ወልድያ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ መምህር አገሩ ሲገባ ለአባባ ትቶላቸው ሄደ። ግንባሯ ላይ አርገስ ይላል፣ የሌንሷ ቀለበት ላይ ደግሞ ሲንታር። ያለቻት ያችው አንድ ሌንስ ናት፣ ሃምሳ ሚሊ ሜትር። አባባ "እንደ ሰው ዓይን ነው የምታየው፤ አታቀርብም፣ አታርቅም" ይላሉ። የመርሳ ሽማግሌ ሁሉ ጎረምሳ ሳለ በዚች ሌንስ ፊት ቆሟል። ዛሬ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። የመታወቂያ ፎቶ በዲጂታል አነሳለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። ጡቧን ግን ከአባባ በቀር የሚነካት የለም። ፊልሙንና የማጠቢያ መድኃኒቱን የወንድሜ ልጅ ሮቤል ከአዲስ አበባ በሰው ይልክላቸዋል።

አባባ ፈረዱ፤ "ሌንሷ ታማለች" አሉ። ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ካሜራዋን በፌስታል ጠቅልለው የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረዋት ነበር። "ያኔ እርጥበት ገብቷታል። ሌላ ምንም አይደለም።"

ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ጥቅምት 29

ጊዜ የለኝም። የተማሪ ፎቶ ቀን፣ ሰልፉ እስከ ቡርቱካን ሙዝ ድረስ። መብራት ሁለቴ ሄደ። አባባ ሽፈራው ሲገባ "ሰለሞን፣ መጣህ?" አሉት። ሰለሞን ወንድሜ ነው፣ ያለው አዲስ አበባ። ድካም ነው። እኔስ ስንቴ ነው የልጄን ስም የምሳሳት።

ኅዳር 3

ዛሬ አባባ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ ጡቧን ከቆዳ ማኅደሯ አወጣሁና ሌንሷን በስልኬ ባትሪ አየኋት። አለ። ብርጭቆው ውስጥ፣ ዳር ዳሩን፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነገር። ሻጋታ።

ደስ አለኝ። በሻጋታ ደስ ሲለው የታየ ሰው እኔ ነኝ መሰል። ለሽፈራው "አላልኩህም? ሌንሷ ናት" አልኩት።

"እኔ መች ሌላ አልኩ" አለ። አላለም፣ እውነቱን ነው። እኔን ዓይን ዓይኔን ማየቱ ነው ያናደደኝ።

ከሰዓት ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በአስፋልቱ ስትለፈልፍ አለፈች፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ወልድያ ሆስፒታል የዓይን ሞራ በነጻ የሚያወጡ ሐኪሞች ይመጣሉ፣ ሞራው በጣም ሳይበስል መድረስ ይሻላል፣ ያለፈው ሌላ ዘመቻ መጠበቁ ነው እያለች። አባባ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። "ሰው እንዴት ዓይኑን በስለት ያስነካል" አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። ግራና ከተማ የነበረችውን አክስቴን አውቃለሁ። ሞራ እገፋለሁ የሚል ሰው በመርፌ ነክቷት እስክትሞት በእጅ ተመርታ ኖረች። በእጅ የመሯት አባባ ነበሩ።

ሻይ ቀዱልኝ። ግማሹ ሲኒው ውስጥ ገባ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። የቆሻሻው ማቃጠያ ቀን ነውና ከተማው ከማለዳ ጀምሮ ጢስ በጢስ ሆኗል። አባባ በዚያ ጢስ ውስጥ ጡቧን አንግተው ወጡ፣ የጎረቤቱን ሰው በየደጁ አነሱ። ፊልሙን እዚያው በጨለማ ክፍላቸው ራሳቸው ጠቀለሉት፣ ራሳቸው አጠቡት። እዚያ ክፍል ውስጥ እጃቸው እንደ ወጣት ነው፣ አንድ ጠብታ አያፈሱም። አንጠልጥዬ አየሁት። ያው ነው፣ ጉም።

"ጢሱ ነው" አሉ። ባለፈው ሌንሷ ነበረች፣ ዛሬ ጢሱ።

ወደ ማታ ቡርቱካን ለሽፈራው ስታወራ ሰማኋት፤ እኔ ከጀርባ ፌስታል እያጠፍኩ ነበር። "ጋሽ ወርቁ እኮ ትናንት ደጄ ላይ ያሰጣሁትን ጋቢ 'ደህና አደርሽ ቡርቱካን' ብለውት አለፉ። ደግሞ ቆመው መልስ ጠበቁ።"

"ጋቢው ምን አለ?" አለ ሽፈራው።

"ኩሩ ነው፣ ዝም አላቸው።"

ተሳሳቁ። ለሽፈራው ራቱን ሳላሞቅ ሰጠሁት። ጋቢ ሰው የመሰለው ሰው የለም እንዴ? ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች እኔም ይመስለኛል። ይህን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

ኅዳር 15

ሰረቅኩ። በራሴ ቤት፣ የአባቴን።

ልጅ ሳለሁ ያስተማሩኝን አልረሳሁም። የዚች ካሜራ ሌንስ በትንሽ ማርሽ ጥርስ ከርቀት መለኪያዋ ጋር ትያያዛለች። ለማውለቅም ለመግጠምም ሁለቱንም ጎማዎች፣ የሌንሷንና የመለኪያዋን፣ ወደ ተኛችው ስምንት መመለስ ነው፤ የሩቅ ሩቅ ምልክቷ የተኛች ስምንት ናት። ሳትመልስ የገጠምክ እንደሆነ መለኪያው ሌላ፣ ሌንሷ ሌላ ያወራሉ። መለስኩ፣ የመሃሉን ማርሽ ፈታሁ፣ ሌንሷን እንደ ጠርሙስ ክዳን አዞርኩ፣ ወጣች። በቦታዋ የትንሿን የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን በጥቁር ፕላስተር አጣበቅኩና ጡቧን ወደ ማኅደሯ። ሌንሷ በሻሽ ተጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ነገ ወልድያ።

ለአባባ የፎቶ ኮፒ ቀለም ልገዛ ነው አልኳቸው። "ደህና ተመለሺ" አሉ። ልነሳ ስል "ቀስ ብለሽ ያዣት፣ ቦርሳሽን" አሉ።

ኅዳር 16

ወልድያ ደርሼ መጣሁ። ኢዘዲን የሚሉት ሰዓትና ሬዲዮ ጠጋኝ ነው ያየልኝ። ያችን አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ብዙ አገላበጣት። "ሦስት ብርጭቆ ናት። ሻጋታው ዳሯ ላይ ነው፤ መሃሏ ንጹሕ ነው" አለ።

"ታዲያ ለምንድን ነው ምስሉ የሚደበዝዘው?"

"በዚህ አይደበዝዝም እህቴ። ትንሽ ነጣ ይል ይሆናል እንጂ ሰውና ሰው እስከማይለይ አይደርስም። ማን ነው የሚያነሳባት?"

"አባቴ።"

"ስንት ዓመት ሆናቸው?"

ዘይቱ ደርቆ ይሆናል አልኩት። ማሽላ ጉድጓዱንም ነገርኩት፣ ጉድጓዱ ያኔ ውኃ እንዳስገባ፣ ማሽላውም እንደሸተተ፣ ጎበዝ ጠጋኝ እንደሆነ ሰው እንደነገረኝ። ሲጨንቀኝ አወራለሁ። ሰውየው እስክጨርስ ሰማኝና "አብሽሪ፣ እናጥባታለን። ቀለበቷ ግን ነክሷል፣ ዘይት ጠጥታ ትክረም" አለ። እሱ ጋ ትቻት መጣሁ። ቦርሳዬ ቀለለኝ፤ ሌላው አልቀለለኝም።

ኅዳር 19

መንገድ ተዘጋ። ከውርጌሳ ወዲህም ከወልድያ ወዲህም መኪና የለም። ስልክ አንዳንዴ። ሽፈራው ጋራዡን ዘግቶ ቤት ውሏል። ሌንሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ።

ኅዳር 21

ጽዮን። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

የአባባ ማኅበርተኞች በየዓመቱ በዚህ ቀን ከዝክሩ በኋላ ፎቶ ይነሳሉ። አንሺው አባባ፣ ካሜራዋ ጡቧ ናት፤ በሌላ ካሜራ አይነሱም፣ የኔን ዲጂታል "የመታወቂያ" ይሏታል። መንገድ ስለተዘጋ ዘንድሮ የሚቀር መስሎኝ ነበር። አባባ ግን ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ማኅደሯን አንግተው ብቅ አሉ። "ልምራዎት" አልኩ። "ምን፣ መንገዱን አላውቀው?" አሉ። ግን ክንዴን ያዙ።

ሽማግሌዎቹ በአግዳሚው ላይ ተደረደሩ። አባባ ጡቧን አወጡ። በሌንሷ ቦታ የጫማ ቀለም ክዳን ለጥፌ፣ እኔ እዚያ ቆሜ፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። በዚች ካሜራ የሚታየው በሌንሷ ሳይሆን በጎኗ ባለችው ትንሽ መስኮት ነውና ክዳን ቢኖርም ባይኖርም ለአንሺው አይታወቅም። ይህን እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

አባ ሙሉወርቅ፣ ከሁሉም ሽማግሌው፣ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት ነው፤ "ወርቁ፣ ጡብህ አፍንጫዋ ተቆረጠ እንዴ?" አሉ።

"የዘንድሮ ፋሽን ነው" አሉ አባባ። ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው ያለፉት።

ጎማዋን አዞሩ፣ የጎን ምላሷን ጫኑ፣ "ተንፍሱ" አሉ እንደ ልማዳቸው፤ "ዝም በሉ" ሳይሆን "ተንፍሱ" ነው የሚሉት፣ ሰው ሲተነፍስ ፊቱ ይፈታል። ጭቅ። ደግመው ጭቅ። ፊልሙን ጨረሱት። ሽማግሌዎቹ ለጫማ ቀለም ክዳን እንደዚያ ተስተካክለው፣ ጢማቸውን አበጥረው፣ ደረታቸውን ነፍተው። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ኅዳር 22

ፊልሙን አጠቡት። አንጠልጥዬ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። እንደ መስኮት ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው። ሰው የለ፣ ጥላ የለ።

አባባ በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን በፎጣ እያደረቁ "አንቺ እዪልኝ፤ እንዴት ነው?" አሉ።

"ጥሩ ነው አባባ" አልኩ።

"ሁሉም አሉ?"

"ሁሉም አሉ።"

"ሙሉወርቅም?"

"ደህና አድርገው ወጥተዋል።"

ፎጣውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "እንኳን" አሉ።

ሌንሷ ስትመጣ እንደገና ይነሳሉ፣ አንድ ምክንያት አይጠፋም። ሌንሷ ትምጣ ብቻ።

ኅዳር 28

ሊዲያ ደወለች። "እማዬ፣ አያቴ ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ዘመቻው ሳያልፍ..." ስትል ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው። ኔትወርኩ ወዲያው ተመለሰ፤ እኔ ግን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበርና መልሼ አልደወልኩም።

ታኅሣሥ 3

መንገድ ተከፈተ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ።

ኢዘዲን ሌንሷን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ ሰጠኝ። አዲስ ናት። ወደ መስኮቱ አቅንቼ ባይባት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተገልብጦ ታየኝ፣ ቆርቆሮው ሳይቀር ይቆጠራል። "ወላሂ እንዲህ ያለች ሌንስ ከነካሁ ቆይቻለሁ" አለኝ። ወጥቼ ልሄድ ስል "እህቴ፣ ካጠፋሁ ይቅርታ። እናቴም ሬዲዮው ነው፣ ድምፁ ጠፋ ትለኝ ነበር። ሬዲዮውን ሦስቴ ፈታሁላት። ጆሮዋ ነበር" አለኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሲሪንቃ እስክንደርስ በነጠላዬ ተሸፍኜ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሎሚ ሰጠችኝ፤ መንገዱ ያዞረኝ መስሏት።

ሌንሷ ጤነኛ ናት። ጻፍኩት እንግዲህ።

ታኅሣሥ 4

ዛሬ ከሰዓት አባባ ጋደም ብለው ነበር። ጡቧን አውጥቼ፣ ክዳኑን ልጬ፣ ሌንሷን ልገጥም ተቀመጥኩ። ጥርሱ አልያዝ አለኝ። ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

"ወደ ተኛችው ስምንት መልሰሻታል?"

አባባ በሩ ላይ ቆመዋል፣ በባዶ እግራቸው። መሬት ዋጪኝ ነው ያልኩት።

"አባባ... ቀለም ልገዛ ስል..."

"ስታወጪያት ነው ያወቅኩት። በማግስቱ ደግሞ ማኅደሯን ሳነሳ ቀለለችኝ። ጎማዋን ባዞር የሚጎትታት የለም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የያዝኳትን ሚስት አፍንጫዋ ሲቆረጥ አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን ሽማግሌዎቹን አነሷቸው?"

ግድግዳውን እየዳሰሱ መጥተው ተቀመጡ። "ደስ ብሎኝ። ሌንስ የሌላት ካሜራ ምስል ባታወጣ ማን ይወቅሰኛል? ከዚያ ፊልሙን እዪልኝ ስልሽ ባዶ ነው ትይኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ ሁሉም አሉ አልሽኝ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ለካ ታውቂያለሽ።"

"ምኑን?"

"አስካለ።"

"እሺ" አልኩ። "አውቃለሁ።"

ከውጭ ቡርቱካን ከደንበኛ ጋር በብርቱካን ዋጋ ትጨቃጨቃለች። ከዚያ አባባ መሳቅ ጀመሩ፤ "ሙሉወርቅም ደህና አድርጎ ወጣ?" እያሉ። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪወርድ።

ሌንሷን ከእጄ ወሰዱ። አላዩዋትም፣ በአውራ ጣታቸው ዳሯን አንዴ ዙሪያውን ዳሰሱ፣ ሁለቱን ጎማዎች እስከ ጥግ መለሱ፣ አዞሩ፣ ገባች፤ የመሃሉን ማርሽ መለሱ። እኔ ላብ ያጠመቀኝን ሥራ።

"አክስትሽን አይተሻል" አሉኝ።

"ያ መርፌ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር አባባ። ይህ ሆስፒታል ነው።"

"እሱም የራሱን ሆስፒታል ነበር የሚለው።" ጡቧን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "እሄዳለሁ። አስቀድሞ ግን እኔን አንሺኝ። እንደ ሄድኩ ዓይኔ ቢቀር፣ እንዲህ ነበር የሚል ይኑር።"

ጡቧን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳነሳባት ሰጡኝ። በትንሿ ቢጫ መስኮት ብመለከት ሁለት አባባ አሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ዘመም ያለ። "ሁለቱ አንድ እስኪሆኑ ጎማዋን አዙሪ" አሉኝ። አዞርኩ። ቀስ እያሉ መጡ፣ መጡ፣ አንድ ሆኑ።

"ተንፍሱ" አልኳቸው።

ታኅሣሥ 7

ወልድያ። ሰልፍ። አባባ ከአንድ የጉባ ላፍቶ ገበሬ ጋር ተጎራብተው ስለ በሬ ያወራሉ፤ ሁለቱም አይተያዩም። ነርሷ "ዛሬ መምጣታችሁ ጥሩ ነው" አለችኝ። ቀኝ ዓይናቸው ነገ። ሊዲያ መጣች፣ አቀፈችኝ፣ ስለ ስልኩ ምንም አላለችም። ልጄ ነገር ታውቃለች።

ታኅሣሥ 8

አስገቧቸው። እጄን ያዙና "ሙሉወርቅ አፍንጫዋ ተቆረጠ ብሎኛል፤ እኔን ዓይኔን እንዳይለኝ" አሉ። በሩ ተዘጋ። እመቤቴ። ሽፈራው ስምንት ጊዜ ደወለ።

ወጡ። ዓይናቸው ተሸፍኗል። "ምንም አላመመኝም" ይላሉ፤ እኔ ነኝ ያመመኝ።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ ሽፋኑን አነሳችው። አባባ ጨፍነው ቆዩ። "ይግለጡት አባቴ" አለቻቸው። ገለጡ። ግድግዳውን አዩ፣ ሐኪሟን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ አዩኝ። የሆነ ትልቅ ነገር የሚሉ መስሎኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

"አስካለ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

ሐኪሟ ሳቀች፣ ሊዲያ ሳቀች፣ ያ የጉባ ላፍቶ ገበሬም አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ሳቀ። እኔ ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብኩ። ሽበቴን እንዲህ የወደድኩበት ቀን የለም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጡና የሚያልፈውን ሁሉ በስሙ ጠሩ። ግመል። ባጃጅ። ማሽላ። "ይኸ ቤት መቼ ተሠራ?" ሾፌሩ "አባት፣ ከውጭ አገር ነው የመጡት?" አላቸው።

"አዎ፣ ከሩቅ" አሉት።

ታኅሣሥ 17

ሌላውን ዓይን በሚቀጥለው ዘመቻ ያዩታል።

እኔ ያነሳኋቸውን ፎቶ አጠቡ። ወደ ብርሃኑ ይዘው በቀኝ ዓይናቸው መረመሩት። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ስንጥቁ ሳይቀር ወጥቷል፤ እሳቸው ትንሽ ጉም ናቸው። ጎማዋን አሳልፌ አዙሬያት ይሆናል።

"ግድግዳው ጥሩ ሰው ይመስላል" አሉ። ቢሆንም አተሙት። እላይ ሰቅለውታል።

ታኅሣሥ 21

የወሩ ማኅበር። አባባ ከዝክሩ በኋላ ተነስተው ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ተናገሩ፣ አንድም ሳያስቀሩ፤ የኔን ስርቆትም። አባ ሙሉወርቅ "እኔ ተናግሬ ነበር" አሉ። ሌላው "ታዲያ ለምን ተንፍሱ አልከን?" አላቸው።

"ካልተነፈሳችሁ ትሞታላችሁ ብዬ።"

እንደገና ተደረደሩ። አባባ ርቀቱን ለኩ፣ ጎማዋን አዞሩ፣ ከዚያ ጡቧን ለእኔ አቀበሉኝና ሄደው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። በዚህ ሁሉ ዓመት የማኅበሩ ፎቶ ውስጥ እሳቸው ኖረው አያውቁም፤ ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። በቢጫዋ መስኮት ሁሉም እጥፍ ሆነው ታዩኝ። አዞርኩ። አንድ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ግድግዳውን ሳይሆን አባባን አየሁ።

ታኅሣሥ 23

ፊልሙ ወጣ። አሉ፣ ሁሉም። አባ ሙሉወርቅም።

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ስከፍት አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አየኋቸው። በቡርቱካን ደጅ ላይ ያው ጋቢ ተሰጥቷል። ቆሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጎንበስ ብለው "ደህና አደርሽ ቡርቱካን" አሉት። መልስ ጠበቁ።

ቡርቱካን ከውስጥ ሰምታ ሙዙን ጥላ ወደ እኔ ሮጠች። "አስካለ፣ ልጄን፣ አልሠራም እኮ ሕክምናው፤ ጋቢውን..."

አባባን አየኋቸው። በጋቢው ጠርዝ በኩል በአንድ ዓይናቸው እኔን እያዩኝ ነበር።